ኔትወርኩ ምን አደረጋችሁ?

በዚህ ከተማ ራሱን መከላከል የማይችል ተከሳሽ ቢኖር ኔትወርክ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሷል፤ «ኔትወርክ የለም»። ገንዘብ ያዡ ምሳ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል፤ «ሲስተም ሄዷል»። ደብዳቤው ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ «ኔትወርክ እየጠበቅን ነው»። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ዳውላው አፍ የለውም። እኔ ግን አለኝ፤ ያውም ከነተረቡ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የኔትወርክ አስተዳዳሪ» ነኝ፤ በኮሪደሩ ቋንቋ ደግሞ «ያን ልጅ ጥሩት» ነኝ። ያ ልጅ ዛሬ ሲወረወርበት የከረመውን ሁሉ ይመልሳል። ተራ በተራ ኑ።

ቀዳሚዋ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ኔትወርክህ የለም!»

«የኔማ አለ እትዬ። የጠፋው የእርስዎ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የኔ ቢጠፋ ሦስቱም ፎቅ ይጮኽ ነበር። አሁን የሚጮኹት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

የሥራው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፦ የጠፋው ለማን ነው? ለአንድ ሰው ከሆነ ኬብሉን ትጠረጥራለህ፤ ለአንድ ክፍል ከሆነ ስዊቹን፤ ለመላው ሕንፃ ከሆነ ራውተሩን ወይም ከውጭ የሚገባውን መስመር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፤ ሥሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ የምትበራዋ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጠፍታለች። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች፤ ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ሸርተት ብላ ትወጣለች።

«ኬብሉ ተነቅሏል እትዬ።»

«ታዲያ ኬብሉስ ኔትወርክ አይደለም?»

«ነው። የነቀለው እግርዎ ነው እንጂ ኔትወርክ ያልሆነው።»

አዲስ ኬብል ሰካሁ፤ መብራቷ በራች። እትዬ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «አሁንም አይከፍትም!» አሉ። ኮምፒውተራቸውን አድራሻ ብጠይቀው በ169.254 የሚጀምር ቁጥር አወጣ። ይህን ቁጥር ያየ የኔትወርክ ሰው ሌላ ምስክር አይፈልግም። በአንድ ቢሮ ውስጥ አድራሻ የሚያድል ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ «ቁጥር ስጡኝ» ብሎ ይጣራል፤ መልስ ሲያጣ ከዚያ መደብ አንዱን አንሥቶ ለራሱ ይሰጣል።

«አድራሻ ካለው ታዲያ ምን ጎደለው?»

«እትዬ፣ ራሱን በራሱ ሾሞ እኮ ነው። ሹመቱን የሰማ የለም።»

አድራሻውን እንዲያድስ አዘዝኩት፤ ትክክለኛውን አገኘ። እትዬ አላመሰገኑኝም። «በል እንግዲህ፣ ደግሞ እንዳይሄድ» አሉኝ፤ እጄ ላይ ገመዱን የያዝኩት ይመስል።

ይህን ሁሉ ጥግ ይዞ ሲመለከት የነበረ፣ ቅጥሩ ገና ያልደረቀ አንድ ልጅ አለን። ሁለተኛው ተረብ የእሱ ነው።

«ብሮ፣ አንተ ግን ፒንግ ከማድረግ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

እስቲ ፒንግን እንስማት። ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ «አለህ?» ብላ ትልካለች፤ ያኛው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ እሷ መልሱ በስንት ሺህኛ ሴኮንድ እንደመጣ ትጽፋለች። ጥቅሙ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ 127.0.0.1ን፣ ማለትም ራስህን ትጠራለህ። ራስህ ለራስህ ካልመለስክ ሌላ ሰው አትክሰስ። ቀጥሎ የግቢው መውጫ በር የሆነውን ጌትዌይ። ከዚያ ውጭ ያለ አንድ አድራሻ በቁጥሩ። በመጨረሻም ያንኑ በስሙ። በቁጥር ሲጠራ ተናግሮ በስም ሲጠራ ከጠፋ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው የታመመው፤ ኔትወርኩ በነጻ ይለቀቅ። ቢሮ ውስጥ «ኢንተርኔት ጠፋ» ከሚባለው ስንቱ ዲኤንኤስ እንደሆነ እትዬ ቢያውቁ ኖሮ እኔን ትተው እሱን ይሳደቡ ነበር።

ፒንግን የጻፋት ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በታኅሣሥ 1983 እንደ ፈረንጆቹ፣ በጦር ሠራዊቱ የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ በአንድ ምሽት። ኋላ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የምትታወቅለት እሷ እንደምትሆን ቀድሞ ቢያውቅ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ተጨማሪ አማራጮች ያስገባባት እንደነበር ተናግሯል።

«አየህ» አልኩት ልጁን፣ «እሱ በአንድ ምሽት ሠርቷት ከ40 ዓመት በላይ ታገለግላለች። አንተ ከመጣህ ጀምሮ የሠራኸው የዋይፋዩን ስም መቀየር ነው።»

ልጁ ዝም አላለም፤ የሚገባውንም ተናገረ። «ሰርቨሩ ለፒንግ ይመልሳል፤ የሒሳቡ ፕሮግራም ግን ሞቷል። ፒንግህ ምን አየች?» እውነቱን ነው። «አለሁ» ማለት «ደኅና ነኝ» ማለት አይደለም። ፒንግ ማሽኑ መተንፈሱን ትነግርሃለች፤ ሥራ ላይ ስለመሆኑ ግን ፕሮግራሙን ራሱን «እስቲ ይህን ክፈትልኝ» ብለህ መጠየቅ አለብህ። በተቃራኒውም መልስ ስላልመጣ ድንኳን አይተከልም፤ ለፒንግ ዝም እንዲል የታዘዘ ፋየርዎል ሞልቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ሚዛን እንለፍ፤ ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ።

«ስማኝማ፣ አንተ ግን ሥራህ ምንድን ነው? ሲሠራ ሥራ የለህም፤ ሲበላሽ ደግሞ አልሠራህም።»

ተረብ እንዲህ ሲሆን ቆብ ይነሣለታል። የሙያውን ችግር እኔ በአሥር ገጽ ሪፖርት ያልገለጽኩትን በአንድ ትንፋሽ ገለጹት። ያልተበላሸ ነገር አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም። ለዚህ ዓይነቱ ምላስ በምላስ አይመለስም፤ የሚመልሰው ግራፍ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

ግራፉ የሚሣለው እንዲህ ነው። ስዊቹና ራውተሩ በእያንዳንዱ የኬብል ቀዳዳቸው (ፖርታቸው) ስንት ባይት እንደገባና እንደወጣ እየቆጠሩ ያስቀምጣሉ። በፈረንጆቹ 1988 የወጣ ኤስኤንኤምፒ የሚባል ቋንቋ አለ፤ ክትትሉን የሚሠራው ኮምፒውተር በየ5 ደቂቃው በዚህ ቋንቋ «አሁን ስንት ደረስክ?» ይላቸዋል። ከአሁኑ ቆጠራ ያለፈውን ቀንሶ ለሰዓቱ ያካፍላል፤ አንዲት ነጥብ ይጥላል። ነጥቦቹ ሲያያዙ የቢሮው ገመና ወለል ብሎ ይወጣል፦ ሰው የሚገባበት ሰዓት፣ ሻይ የሚጠጣበት፣ ዓርብ ከሰዓት ጨርሶ የማይሠራበት። ወር ሁለት ወር ከተሰበሰበ በኋላ «ደህናው ቀን» ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ደህናውን ሳያውቁ ሕመሙን ማን ይለየዋል? ዛሬ «ኔትወርኩ ዘገመ» የሚለኝ ሰው ከምን አንጻር እንደዘገመ ብጠይቀው የሚነግረኝ ስሜቱን ነው።

ይህ ግራፍ የመሣል ነገር በሰፊው የተለመደው ቶቢያስ ኦቲከር በሚባል ስዊዘርላንዳዊ ምክንያት ነው። በ1994 እንግሊዝ ውስጥ ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ተቋሙ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንዲት ባለ 64 ኪሎቢት መስመር ነበር። ሁሉም «መስመሩ እንዴት ነው?» እያለ ያደርቀዋል። እሱም ጭነቱን በራሱ ጊዜ እየሣለ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፈ፤ በዓመቱ ኤምአርቲጂ ብሎ ለዓለም በነጻ ሰጠው። ጥያቄ የሰለቸው ሰው የሠራው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። እወደዋለሁ።

ጋሼ ግራፉን አዩ። መስመሩ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሽቅብ ወጥቶ፣ አናቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ሆኖ ይጓዛል። አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ቧንቧው ሞልቷል ማለት ነው፤ የቀረው ወረፋ ላይ ነው።

«ማነው የሚጠጣብን?»

«ግራፉ የሚያውቀው ፖርቱን ነው ጋሼ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ስዊቹ ላይ 17 ቁጥር።»

«የማን ነው 17?»

«ከማን ወደ ማን፣ ምን ያህል እንደተላለፈ የሚመዘግብ ኔትፍሎው የሚባል ሌላ ነገር አለ። እሱ ይንገርዎት፤ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«የእርስዎ ነው።»

«እኔ ምንም አላወረድኩም!»

«አላወረዱም፤ እየሰቀሉ ነው።»

ላፕቶፓቸው የእህታቸውን ልጅ ሠርግ፣ ከነሙሉ ቪዲዮው፣ በራሱ ጊዜ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ እየላከ ነበር። ወደ ላይ የሚሄደው መንገድ ሲሞላ ወደ ታች የሚመጣውም አብሮ ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም የወረደው ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ወደ ላይ መላክ አለበት።

«ታዲያ ልጄ ሠርግ አይሠራ?»

«ሠርጉን ማን ነክቶት ጋሼ! ቅልቅሉን ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እናድርገው።»

ሳቁ። ፍጥነቱን በቀን ገድቤ ለሌሊት ለቀቅኩት። ከበሩ ስወጣ ግን ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መልእክቴንም ታነባለህ ማለት ነው?» አሉ። ይህ ጥያቄ ቀልድ የለውም፤ ስለዚህ ያለ ተረብ መለስኩ። ግራፉና ኔትፍሎው የሚያዩት ማን ከማን ጋር ስንት እንደተላላከ ነው፤ ይዘቱን አያዩም። በገመዱ የሚሄዱትን የመረጃ እሽጎች ከፍቶ የሚያሳይ መሣሪያም አለ፤ ጄራልድ ኮምብስ በ1998 ኢተሪል ብሎ አውጥቶት ከ2006 ጀምሮ ዋየርሻርክ የሚባለው። ዛሬ አብዛኛው ነገር ተመስጥሮ ስለሚሄድ እሱም ቢሆን የሚያየው ልፋጩን እንጂ ሥጋውን አይደለም። ቢሆንም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የሰውን እሽግ የሚቀዳ የኔትወርክ ሰው ሙያተኛ ሳይሆን ሰላይ ነው። ይህን ስል ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ «እንግዲያው ፈቃዱን ከእኔ ውጭ ማንም እንዳይሰጥህ» አሉ። ነጥብ ለጋሼ።

ልጁ በግራፍ ሙድ ሊይዝብኝ ተመለሰ። «ብሮ፣ ባለ አንድ ጊጋቢቱ መስመር ሞልቷል ትላለህ፤ ግራፍህ ግን ባዶ ነው ይላል። ማን ነው የሚዋሸው?» ይህቺ ብዙ ሰው የወደቀባት ወጥመድ ናት። የድሮው ቆጣሪ ባለ 32 ቢት ነው፤ 4.29 ቢሊዮን ባይት ሲደርስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ባለ አንድ ጊጋቢት መስመር ሙሉ በሙሉ ሲሮጥ ይህን ቁጥር በ34 ሴኮንድ ይደርስበታል። አንተ የምትጠይቀው በየ5 ደቂቃው ነው፤ በመሐል ስምንት ጊዜ ዞሯል። ለዚህ ባለ 64 ቢት ቆጣሪ አለ፤ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

«ቆጣሪው አልዋሸም» አልኩት። «አንተ የጠየቅከው የማያውቀውን ነው።»

እግረ መንገዴን ኤስኤንኤምፒውን ሳየው መግቢያ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ «ፐብሊክ» ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሪቶች ይህን ቃል ያለ ምስጢር በገመዱ ላይ ይልኩታል፤ የሰማ ሁሉ የስዊቹን ሆድ ዕቃ ያነባል። ሦስተኛው ስሪት ነው ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው፣ የሚመሰጥረውም።

«ይለፍ ቃሉን ማን እንዳይረሳው ብለህ ነው ያልቀየርከው?» አልኩት ልጁን።

«አንተ እንዳትረሳው ብዬ።»

ይህንንስ ጥሩ መለሰ። ልጁ ያድጋል።

አሁን ዋናው ጠላቴ ይግባ። ግዥ ክፍል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ፎቅ ጥርግ ብሎ ጠፋ። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድ ላይ፣ ያለ እረፍት፣ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። ነገሩ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ባለ 8 ቀዳዳ ትንሽ ስዊች አለች። አንድ ሥርዓት ወዳድ ተሰብሳቢ ከእሷ የወጣ ኬብል ጫፉ ተንጠልጥሎ ቢያይ አዘነለትና እዚያችው ስዊች ላይ መልሶ ሰካው። ኬብሉ ከራሷ ወጥቶ ወደራሷ ገባ፤ ክብ ተፈጠረ።

ክብ ምን ያደርጋል? ኢተርኔት ላይ ለሁሉም ሰው የሚጮኹ መልእክቶች አሉ፤ ስዊች ይህን ዓይነቱን ሲሰማ ከመጣበት ቀዳዳ በቀር በሁሉም በር ይደግመዋል። ክብ ካለ ያው መልእክት ዞሮ ይመጣል፤ አሁንም በሁሉም በር ይደገማል። የሰፈር ወሬ ማለት ነው፤ ማንም «ይህን ሰምቻለሁ» ብሎ አያቆመውም። ራውተር የሚያሻግረው የአይፒ እሽግ ዕድሜ ተቆርጦለታል፤ በደረሰበት ራውተር ሁሉ አንድ እየተቀነሰበት ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኢተርኔቱ እሽግ (ፍሬም) ግን ዕድሜ የለውም፤ ገመዱ እስኪነቀል ይሽከረከራል። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ለሥራ የሚሆን ቦታ አይተርፍም።

መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ስትሠራ ስፓኒንግ ትሪን ፈጠረች፤ ስዊቾች እርስ በርስ ተነጋግረው ክብ የሚፈጥረውን በር ራሳቸው ይዘጉታል። ለዘዴው ግጥም ሳይቀር ገጥማለታለች፤ የኛ ሰው ቢሆን ግጥሙን ጽፎ ዘዴውን ይተወው ነበር። በዚያ ላይ ከሰው ጠረጴዛ የሚመጣ ፖርት ላይ የስዊች ድምፅ ከተሰማ በሩ ወዲያው እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ትእዛዝ በሚሰማ ስዊች ነው።

«ወንድሜ» አልኩት የግዥውን ሰው፣ «ይቺን ስዊች ማን ገዛት?»

«ኮሚቴው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን፤ ዝቅተኛው አሸነፈ።»

«አዎ፤ እኛን።»

«ስምንቱም ቀዳዳ ይሠራል! ችግር ካለ ታዲያ ለምን ቀድሞ አልነገረህም?»

«የማይናገረውን መርጠህ ገዝተህ ለምን አልነገረህም ትለኛለህ?»

«ስፔክ ተጽፏል!»

«አየሁት። 'ስዊች፣ ባለ 8፣ ጥቁር' ይላል። ቀለሙን ጠየቃችሁ፤ ቋንቋ ይችል እንደሆነ አልጠየቃችሁም።»

ከዚያ ወዲህ ስፔኩ ላይ ማኔጅድ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚሰማ ይሁን፣ ኤስኤንኤምፒ ስሪት 3ንና ስፓኒንግ ትሪን ይቻል የሚል መስመር ገብቷል። ዝቅተኛው ዋጋ አሁንም ያሸንፋል፤ ግን አፍ ካላቸው መካከል ነው።

«ለአንዲት ኬብል ይህን ያህል ማካበድ ምንድን ነው?» ላለኝም መልስ አለኝ። በኅዳር 2002 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቦስተን ያለው ቤዝ እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል ኔትወርኩ ወድቆ ለቀናት ወደ ወረቀት ተመልሷል። ኔትወርኩ በላይ በላዩ እየተቀጣጠለ አድጎ ስፓኒንግ ትሪ ሊመራው ከሚችለው በላይ ሰፍቶ ነበር። ያ ሁሉ ሐኪም የመድኃኒት ትእዛዝ በእጁ እየጻፈ፣ የላቦራቶሪ ውጤት በሰው እግር እየተመላለሰ ሰነበተ። የኢንፎርሜሽን ኃላፊው ጆን ሃላምካ ነገሩን አልሸፈነም፤ ሌሎች እንዲማሩበት በአደባባይ ተናገረ። እኛ ዘንድ ቢሆን «የመብራት ችግር ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የውስጥ ኦዲተሯ ደግሞ ፋይል ይዛ መጣች።

«ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ጠፋ ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል። ሎግህን አየሁ፤ በ3 ሰዓት ምንም የለም። ምን ደብቀህ ነው?»

«እህቴ፣ የማን 3 ሰዓት?»

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚጠይቅ የኔትወርክ ሰው እኛ ሳንሆን አንቀርም። ሠራተኛው 3 ሰዓት ሲል ጠዋቱን ነው። ራውተሩ ያንኑ ቅጽበት 9:00 ብሎ ይጽፈዋል። በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) የተሞላው ሰርቨር 6:00 ይላል። እሷ ያየችው 03:00 የሚለውን መስመር ነው፤ እሱ ደግሞ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ከጥበቃው አባባ በቀር ሁሉም የተኛበት። የካሜራ መቅጃው ሰዓቱን ማንም ሞልቶለት ስለማያውቅ ገና 1970 ላይ ነው። አራት ምስክር አራት ቃል ይሰጣል፤ በዚህ ማንን ታስፈርዳለህ? ለዚህ ነው ዴቪድ ሚልስ በ1985 የሠራው ኤንቲፒ የሚያስፈልገው፤ መሣሪያዎች ሁሉ ሰዓታቸውን ከአንድ ታማኝ ምንጭ እየጠየቁ ያስተካክላሉ። ሎጉም በየመሣሪያው ተበትኖ ከሚቀር ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያለዚያ የሞተው ራውተር ኑዛዜውን ይዞት ይሞታል።

«ለምን ራውተሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አትሞላውም ታዲያ?» አለች፤ አገር ወዳድ ናት።

«ሞልተነው እናውቃለን እህቴ። 2017 ስንለው ድረ ገጾቹን ሁሉ ገና አልተወለዱም አለን።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የአንድ ድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ይላል። መሣሪያው ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ነኝ ብሎ ካመነ ትናንት የወጣው ሰርተፍኬት የወደፊት ይሆንበታል፤ አልቀበልም ይላል። ለሰው የኛን ሰዓት፣ ለማሽን የማሽኑን፤ ትርጉሙን በሪፖርቱ ላይ።

ስለ ማንቂያ የመጣው ተረብ ከሁሉም ይበዛል። ስልኬ ሌሊት ሲጮኽ የሰለቸችው ባለቤቴ ሳትቀር «ይቺ ሰርቨር ሁለተኛ ሚስትህ ናት» ብላኛለች፤ «አንቺ ስታኮርፊ ቢያንስ ፒንግ ትመልሻለሽ» አልኳት። እሱን ቤት ጨርሰናል፤ እዚህ አይገባም።

ዋናው ስዊች ሲወድቅ ከኋላው ያሉት ሁሉ «እኔም የለሁም» ብለው መልእክት ይልካሉ። በመቶ መልእክት መካከል እውነተኛው አንድ ነው። ደህና የክትትል ፕሮግራም ማን ከማን ጀርባ እንዳለ ከተነገረው የወደቀውን አንዱን ይጠራል፤ የቀሩትን «ከሱ ጀርባ ናቸው» ብሎ ዝም ያሰኛል። ገደቡም ዲስኩ መቶ በመቶ ሲሞላ የሚጮህ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ 80 ሲደርስ ይናገር። ለዚህ ኔጊዮስ አለ፣ ኤታን ጋልስታድ በ1999 በሌላ ስም የጀመረው፤ ዛቢክስ አለ፣ ከላትቪያ፣ የአሌክሲ ቭላዲሼቭ ሥራ። ሁለቱንም በነጻ ማግኘት ይቻላል።

«ነጻ ከሆነ ፕሮፎርማ በምን ልሰብስብ?» አለ የግዥው ሰው።

«ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ የሚሉ ሦስት አምጣ። ዝቅተኛው ያሸንፍ።»

ጋሼም በዚሁ ጉዳይ አልማሩኝም። «ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ቴሌግራም ይልክልኛል አልከኝ። ጠፋ፤ አልላከልኝም።»

«በምን ይምጣ ጋሼ፣ በታክሲ?»

የሞተውን መስመር መርዶ በራሱ በሞተው መስመር አትልክም። ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ ሞደም ገዝተን በጽሑፍ መልእክት እንዲመጣ አደረግነው። ይህን ነገር የሳቱት እኛ ብቻ አይደለንም። በጥቅምት 4 ቀን 2021 እንደ ፈረንጆቹ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። በጥገና መሐል የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከሎቻቸውን የሚያያይዘውን ዋና መስመር ቆረጠው፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተቀመጠው ፕሮግራም ደግሞ ራሱ ስህተት ነበረበትና አሳለፈው። ዲኤንኤሶቻቸው «እዚህ ነን» ማለት አቆሙ። ከሁሉ የከፋው መጠገኛ መሣሪያዎቻቸውም በዚያው በሞተው ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸው ነው፤ መሐንዲሶች በአካል ወደ ማዕከሎቹ መላክ ነበረባቸው፤ እዚያም ጥበቃው ጥብቅ ነው።

ልጁ ይህን ሰምቶ «እኔኮ አንድ ራውተር ብቻ ነው የዘጋሁት» አለ፤ ተጽናንቶ። የሠራውም ይህ ነው፦ ከቤቱ ሆኖ የቅርንጫፉን ራውተር ሲነካ የቆመበትን መንገድ ራሱ ዘጋው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። ሲስኮ ራውተር ላይ ግን ቀላል መላ አለ፤ ከመንካትህ በፊት «ከ10 ደቂቃ በኋላ ራስህን አስነሣ» ብለህ ታዘዋለህ። ከተዘጋብህ ራሱ ተነሥቶ ወደ ተቀመጠው ውቅር ይመለሳል፤ ካልተዘጋብህ ትእዛዙን ትሰርዛለህ፣ አዲሱንም ታስቀምጣለህ። ማስቀመጡን አትርሳ፤ በሥራ ላይ ያለው ውቅርና የተቀመጠው ውቅር ሁለት ናቸው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠው አብሮ ይሄዳል።

«ታዲያ ይህን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ፒንግ ከማድረግ ሌላ አላውቅማ።»

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ጋሼ ስብሰባ ጠሩ። የአገልግሎት ስምምነት ይፈረም ተባለ፤ ወረቀቱ ላይ 99.9 በመቶ የሚል ቁጥር አስቀምጫለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምን መቶ አታደርገውም?»

«መቶ የሚፈርም ሰው ወይ ዋሽቷል ወይ ሊለቅ ነው ጋሼ።»

«የጎደለችው ነጥብ ስንት ናት?»

«በዓመት ወደ ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ይህን ያህል ቢጠፋ ውሉ አልፈረሰም ማለት ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እትዬ «ስምንት ሰዓት!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ኦዲተሯ ጻፈች። የግዥው ሰው 98 የሚል ርካሽ ፕሮፎርማ ሊኖር እንደሚችል አሳሰበ። ጋሼ ግን ብዕራቸውን አነሡ፣ ፈረሙ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እሺ፣ ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃህን ውሰድ። ሁሉንም ግን እሑድ እሑድ አድርግልኝ።»